ሻማ ሠሪዋና የእንጨቱ ማንኪያ

በዚያ አራት ፎቅ ሕንጻ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ የለም ማለት ይቻላል። እትዬ አፍንጫ ናት፣ አለቀ። ስሙን ያወጣላት የሳሙና ፋብሪካው ፎርማን ነው። ሽቶው ከሳሙናው ጋር በሚዋሃድበት ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ፣ ሰው የሚያምነው መለኪያውን ሳይሆን እሷን ነበር። ፎርማኑ በርሜሉን ከፍቶ «አፍንጫን ጥሩልኝ!» ይላል። ትመጣለች፣ አንዴ ሳብ ታደርጋለች፣ «ሎሚው በዝቷል» ትላለች። ይለካል። በዝቷል። አንድ አዲስ የመጣ ኬሚስት ሊከራከራት ቢሞክር «ወረቀትህን እጠፍና አፍንጫህን ላስ!» ብላው ፋብሪካው ወር ሙሉ ሲስቅ ከረመ። ጡረታ ስትወጣ የሸለሟት የግድግዳ ሰዓት ከቆመ ቆይቷል። ስሙ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል፤ እሷም በደረጃው ላይ ስትጠራበት ደረቷ ነፋ ይል ነበር።

እንግዲህ ጉዱን ስሙት። እትዬ አፍንጫ ምንም ነገር ከሸተታት ሁለት ዓመት አለፋት።

የጀመረው በጉንፋን ነው። አንድ ሳምንት ተኝታ ተነሣች። ጉንፋኑ ሄደ፣ ማሽተቷንም ይዞት ሄደ። ሽንኩርት ከተፈች፤ ዓይኗ አነባ፣ አፍንጫዋ ዝም። የበረኪና ጠርሙስ ከፍታ ሳበች፤ ጉሮሮዋን አቃጠላት፣ ሽታ ግን የለም። ይመለሳል ብላ ጠበቀች፣ አልተመለሰም። ለማን ትንገር? «የእትዬ አፍንጫ አፍንጫ ሞተ» ተብሎ በየደጁ ሲሳቅ ታያት። ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያለች ሰውን ሁሉ ስትመክር የኖረች ሴትዮ እኮ ናት!

ነገሩ መሳቂያ መሆን ብቻ ቢሆን ኖሮ ቆይታም ቢሆን ትናገር ነበር። የፈራችው ሌላ ነው።

ባሏ አናጢ ነበር። መዶሻ ከጨበጠ ሦስት ዓመት ቢያልፈውም ጎረቤቱ አሁንም አናጢው ይለዋል። ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ ሙሉ ለሙሉ ቀረ፣ አንደበቱም አብሮ ተዘጋ። ጆሮው ይሰማል፣ ዓይኑ ያያል፣ አእምሮው እንደ ድሮው ነው፤ የሚናገርበት ብቻ የለውም። ግራ እጁ ግን ትንቀሳቀሳለች። እትዬ አፍንጫም የእንጨት ማንኪያ አስጨበጠችውና በገዛ እጁ የሠራውን የአልጋ ራስጌ እንዲያንኳኳበት ተስማሙ። አንድ ጊዜ ካንኳኳ ውኃ ነው። ሁለት ጊዜ ሽንት። ሦስት ጊዜ «ነይ» ነው፤ ምንም ሳይፈልግ፣ እንዲያው መጥታ አጠገቡ እንድትቀመጥለት። መጀመሪያ ሰሞን ሦስቷን ስትሰማ የያዘችውን ጥላ ትሮጥ ነበር። «ምነው የኔ ጌታ፣ ናፈቅሁህ?» ስትለው በግማሽ ፊቱ ይስቅላታል።

አንድ ልጅ አላቸው፣ ነርስ ናት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ከዓመት በፊት በአንዱ ቅዳሜ በሩን ከፍታ ስትገባ ኩሽናው በጭስ ታፍኗል። ወተቱ ገንፍሎ፣ ደርቆ፣ ድስቱ ቀልቷል። እናትየው በወዲያኛው ክፍል ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ የባሏን ጥፍር እየቆረጠች ታንጎራጉራለች።

«እማዬ! ይሄ ሁሉ አይሸትሽም እንዴ?»

«እህ… ሸለብ አድርጎኝ ነው።»

«እየዘፈንሽ?»

ልጅቱ መስኮቱን ሁሉ ከፋፍታ ስታበቃ ተቀመጠችና ረጋ ብላ ተናገረች። መቆጣቷ ይሻል ነበር። «ስሚኝ እማዬ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ አባዬን የአረጋውያን መጦሪያ አስገባዋለሁ። ቦታም ጠይቄያለሁ። አንቺን ለመቅጣት አይደለም። አንቺ ሮጠሽ ትወጫለሽ፣ እሱ ሮጦ አይወጣም።»

እትዬ አፍንጫ የዚያን ለታ ባሏ ሲተኛ አጠገቡ ተቀምጣ አለቀሰች። ሠላሳ አምስት ዓመት አብረው ኖረው በማያውቀው ሰው እጅ ሊጎርስ! አፍንጫዋ እንደሞተ ከታወቀ አንድ ቀን እንኳ ከሷ ጋር እንደማያሳድሩት ገባት። ከዚያ ወዲህ ሰዓት እያየች ታበስላለች፣ ጋዙን አሥር ጊዜ ትነካካለች፣ ወተት በምላሷ እየቀመሰች ትለያለች። እንደ ሌባ በገዛ ቤቷ ስትደበቅ ኖረች።

በሳምንቱ ልጅቱ ካርቶን ተሸክማ መጣች። ውስጡ ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት አለ፤ ሆዱ ሸክላ፣ ክዳኑ ብርጭቆ፣ ማዞሪያው ሦስት ደረጃ። «ይሄ አይገነፍልም፣ አያሳርርም። ጠዋት ጥደሽው ለምሳ ይደርስልሻል» አለች። እናትየው ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉ» ብላ ሳቀች። ድስቱም ስሙ በዚያው ቀስ በቀስ ሆኖ ቀረ።

ወጥ ሁለት ጊዜ ሠራችበት። ማሽተት ለማይችል ሰው ወጥ ምኑ ነው? በሦስተኛው ፓራፊን ገዝታ መጣች። በፋብሪካው ጓሮ ሻማ የሚሠራበት ክፍል ስለነበር ሥራውን ታውቀዋለች። ጠፍጣፋውን ሰም በቢላ ፈንክታ በቀስ በቀስ ሆድ ውስጥ ትከታለች፣ ማዞሪያውን ዝቅተኛው ላይ ታደርጋለች፣ ሁለት ሰዓት ትተወዋለች። እስከዚያ ባዶ ብርጭቆዎችን ታጥባ ታደርቃለች፣ የክሩን ቆርቆሮ እግር በጠብታ ሰም ከብርጭቆው ታች ታጣብቃለች፣ ክሩ እንዳይጋደል አፉ ላይ በሁለት እርሳስ ታስይዘዋለች። ሰሙ እንደ ውኃ ጥርት ሲል የሰም ከለር ስባሪ ትጨምርበታለች፣ ቀጥሎ የሽቶ ዘይቱን፣ ከዚያ በጭልፋ ቀስ አድርጋ ትቀዳለች። ሲደርቅ መሃሉ ይሰረጉዳል፤ እንደገና ትሞላዋለች። ያቺን ስርጉድ ሳይሞሉ የሚሸጡትን ሰዎች ስትረግም ብትሰሟት!

ምድር ቤት ያለችው አበባ ሻጭ ሻማዎቹን አየችና ወደደቻቸው። «እትዬ፣ በእርስዎ አፍንጫ የተቀመመ ሻማ ማን ይጠላል?» አለቻት። ይህቺ ቃል ለእትዬ አፍንጫ ከመድኃኒት በላይ ነበረች። እንደገና አፍንጫ ሆነች፣ በውሸትም ቢሆን።

የቀስ በቀስ ገመድ አጭር ነው። ከግድግዳው ሶኬት አልደርስ ሲላት ባሏ ድሮ መጋዙን ይሰካበት የነበረውን አሮጌ የመብራት ማከፋፈያ ከዕቃ ቤት አወጣች። አናጢው ከመታመሙ በፊት «ይሄ ይጣላል» ብሎ ለይቶ ያስቀመጠው ነው። እሷ ደግሞ ዕቃ መጣል አይሆንላትም። ማቀዝቀዣውንም፣ የውኃ ማሞቂያውንም፣ ቀስ በቀስንም በሱ ላይ ሰካችና ዓይን እንዳያስጠላ ከእንጨት መደርደሪያው ጀርባ ደበቀችው። ሁሉም ሠራ። ምን ችግር አለው?

የሦስቱ ጊዜ ማንኳኳት የበዛው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰም በጣደች ቁጥር ከመኝታ ቤት ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ትሄዳለች። ናፍቆት አይደለም። አፍንጫውን ሸብሸብ አድርጎ በዓይኑ ወደ ኩሽናው ያመለክታል። «ሽታው ነው?» ትለዋለች። ዓይኑን ጨፍኖ ይገልጣል፣ አዎን ማለቱ ነው። እሷ ምን ታድርግ፣ ሰውዬውን ታውቀዋለች። ዕድሜ ልኩን ሽቶ ጠላት ነው። ከፋብሪካ ስትመጣ «ሂጂ ታጠቢ፣ ሰው ደስ የሚለው እንጨት እንጨት ሲሸት ነው» እያለ ሲያበሽቃት ኖሯል። «ኤዲያ! አሁንም ከሽቶዬ ጋር ነው ጠብህ?» ትልና መስኮቱን ትከፍትለታለች። ኩሽና ሳትደርስ እንደገና ቋ፣ ቋ፣ ቋ። እየዋለ እያደረ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ጀመረች።

አንድ ቀን አበባ ሻጯ አንድ ሻማ መልሳ አመጣች። «እትዬ አይቆጡኝና፣ ይሄ በዛ። ደንበኛዬን ራሷን አሳመማት።» እትዬ አፍንጫ ሻማውን ወደ ፊቷ አስጠግታ ሳብ አደረገች፣ ግንባሯን ቋጠረች። «እውነትሽን ነው፣ ትንሽ በዝቷል» አለች፣ አንዳች ሳይሸታት። አበባ ሻጯ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆም አለች። «ደግሞ ቤትዎ የሆነ ጎማ ጎማ የሚል ነገር ሸተተኝ።»

«ከመንገድ ነው፣ መኪና ነዋ!» አለች እትዬ አፍንጫ። በሩን ዘጋች። ጎማ? ኩሽናውን ዞረች። ጋዙ ዝግ ነው፣ ድስቱ ለብ ያለ ነው፣ የሚጨስ ነገር የለም። በዓይኗ የምትችለውን ሁሉ አየች። መደርደሪያውን ግን አላንቀሳቀሰችም፤ ብርጭቆ ተደርድሮበታል፣ ከባድ ነው።

ቅዳሜ መጣ። ልጅቱ የጎማውን ሽታ ብታገኘውስ? እትዬ አፍንጫ ዘዴ ፈጠረች። ልጅቱ ከመድረሷ በፊት የጽጌረዳውን ዘይት ግማሽ ጠርሙስ የቀስ በቀስ ሰም ላይ ገለበጠችው። ነርሷ ስትገባ አፍንጫዋን ያዘች። «ኧረ እማዬ፣ አናቴ ሊፈነዳ ነው! ይሄ ቤት ነው ወይስ የሽቶ ፋብሪካ?»

«ሥራ ነው ልጄ፣ ትዕዛዝ በዝቶብኝ።»

ከመኝታ ቤት ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ሁለቱም ገቡ። አናጢው ልጁን ሲያይ ዓይኑ በራ። ማንኪያውን አንሥቶ በግድግዳው ማዶ ኩሽናው ውስጥ መደርደሪያው ወዳለበት ጠቆመ። እንደገና ጠቆመ። አንኳኳ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች ልጅቱ ብድግ ብላ።

«ተይው፣ ሽታውን አይወደውም። ይኸው ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው የሚቀጠቅጠኝ።»

ልጅቱ ሳቀች። አባቷን ግንባሩ ላይ ሳመችና «አይ አባዬ፣ አሁንም ታበሽቃታለህ?» አለችው። አናጢው ማንኪያውን አወረደ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናትየው «ዛሬም አለፈ» ብላ በሆዷ ፈጣሪዋን አመሰገነች። የፈሩት ይደርሳል የሚባለውን ማን ባስታወሳት!

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ነው። አበባ ሻጯ ለሰርግ አዳራሽ አርባ ሻማ አዝዛለች። ሃያው አልቋል፤ የሌላው ሃያ ክሩ ተተክሎ ብርጭቆው መደርደሪያው ላይ ተሰልፏል፣ ሰሙ ገና እየቀለጠ ነው። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። «መጣሁ!» አለች፣ አልመጣችም። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ሽርጧን አጠበቀች፣ ያለቁትን ትሪ ላይ መደርደር ጀመረች። አሁን ሦስት መሆኑም ቀረ፤ ያለማቋረጥ ይቀጠቅጥ ጀመር።

ተንደርድራ ገባች። አናጢው ላብ በላብ ሆኗል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ማንኪያውን ጣለና በግራ እጁ ቀሚሷን ጨመደደ። ያን ሁሉ ኃይል ከየት እንዳመጣው!

«ልቀቀኝ አንተ ሰውዬ! ሰው እየጠበቀኝ ነው!»

አልለቀቀም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቀቻቸው። ያኔ ንዴቷ ገነፈለ። «ሠላሳ አምስት ዓመት የመጋዝህን ብናኝ ስጠርግ አንድ ቀን አፌን ከፍቼ አውቃለሁ? አልጋዬ ውስጥ፣ ፀጉሬ ውስጥ፣ ምግቤ ውስጥ! አንተ አንዲት ሽታ መቻል አቃተህ?» ማንኪያውን ከወለሉ አነሣችና ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። «ስመለስ እሰጥሃለሁ። እስከዚያ ትንሽ ዕረፍ፣ እኔንም አሳርፈኝ።» ሽታው እንዳይገባበትም ብላ በሩን ገጥም አድርጋ ዘጋችው።

ስትወጣ ኩሽናውን አየት አደረገች። ማዞሪያው ዝቅተኛው ላይ ነው፣ ክዳኑ በቦታው ነው፣ ሰሙ ጥርት ብሏል። ቀስ በቀስ አያቃጥልም። ትሪውን ተሸክማ ደረጃውን ወረደች።

አበባ ሻጯ ሻማዎቹን አንድ በአንድ እያነሣች አደነቀች። ወንበር አቀረበችላት። እትዬ አፍንጫ ተቀመጠች፣ ስለ ሰውዬው ብስጭት አወራች፣ ስለ ሰርጉ ጠየቀች፣ ሳቁ። ብዙ አልቆየችም፣ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው።

አበባ ሻጯ በመሃል አፍንጫዋን ቀና አደረገች። «እትዬ፣ የሆነ ነገር አይሸትዎትም?»

እትዬ አፍንጫም ቀና አለች፣ ሳብ አደረገች፣ ፈገግ አለች። «የኔ ጽጌረዳ ነዋ!»

«አይ… ጽጌረዳ አይደለም።» አበባ ሻጯ ወደ ደጅ ወጥታ ወደ ላይ አንጋጠጠች። ጮኸች።

ከኩሽናው መስኮት የሚወጣው ጭስ ጥቁር ነበር። እትዬ አፍንጫ ያንን ደረጃ እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። አበባ ሻጯ ከሱቋ የእሳት ማጥፊያ ይዛ ተከተለቻት፣ ኮሪደሩ ላይ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋች። በሩ ሲከፈት ከመደርደሪያው ጀርባ የተነሣው እሳት እንጨቱን በልቶ ጣሪያውን ይልሳል። ብርጭቆዎቹ እየፈነዱ ነው። አንዱ ጎረቤት በባልዲ ውኃ ይዞ ሲመጣ እትዬ አፍንጫ «ውኃ እንዳታደርግ! ሰም ነው!» ብላ ጮኸችበት። አበባ ሻጯ የማጥፊያውን ነጭ ዱቄት እስኪያልቅ ነፋችው። እሳቱ ሞተ። ሁሉም ሲያስሉ፣ አፋቸውን በልብሳቸው ሲይዙ፣ እትዬ አፍንጫ ብቻ በዚያ ሁሉ ጭስ መሃል ዓይኗ እያነባ፣ ጉሮሮዋ እየተቃጠለ፣ አሁንም ምንም አልሸተታትም።

ወደ መኝታ ቤቱ ሮጠች። በሩን ገፋችው፣ እምቢ አለ። የሆነ ነገር ከውስጥ ተደግፎታል። «የኔ ጌታ! የኔ ጌታ!» በትከሻዋ ገፍታ ክፍተት አገኘችና አንገቷን አስገባች። አናጢው ወለሉ ላይ ነው። ከአልጋው ወድቆ፣ በአንድ እጁ ራሱን ጎትቶ፣ በሩ ሥር ደርሷል። ማንኪያ የለውም። በጣቶቹ አንጓ ነበር ሲያንኳኳ የቆየው። ቆዳው ተልጦ፣ የበሩ እንጨት ታችኛው ጥግ ደም በደም ሆኗል። በሩ በመዘጋቱ ጭሱ ብዙ አልገባም፤ በሕይወት አለ። ቀና ብሎ አያት። እሷ ደግሞ እጇ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ገብቶ ማንኪያውን ጨብጦ አገኘችው።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ልጅቱ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። የእሳት አደጋ መርማሪው ስለ ማከፋፈያው ነግሯታል፤ ሶኬቱ ለሳምንታት ሲቀልጥ እንደከረመ፣ ሽታውም ቤት ውስጥ ያለን ሰው ሳይሸተው ሊቀር እንደማይችል። እናቷ ፊት ቆመች።

«አይሸተኝም» አለች እትዬ አፍንጫ፣ ሳትጠየቅ። «ሁለት ዓመት ሆነኝ ልጄ። ምንም አይሸተኝም። አባትሽን ትወስጂብኛለሽ ብዬ ነው የደበቅሁት።»

ልጅቱ ትጮሃለች ብላ ጠበቀች። ልጅቱ ግን አግዳሚው ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «እየነገረን ነበር» አለች። «ቅዳሜ ለታ በማንኪያው እየጠቆመ ነገረኝ። እኔ ሳቅሁበት።» ከዚያ ልጅቱ ዓይኗን ጠረገች። «እኔ አልወስንም። አንቺም አትወስኚም። ሁለታችንም አልሰማነውም። ራሱ ይናገር።»

አናጢው በሆስፒታሉ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፣ ግራ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ልጅቱ አጠገቡ ተንበረከከች። «አባዬ፣ ቤት መመለስ ከፈለግህ አንድ ጊዜ አንኳኳ። መጦሪያው ከሆነ የምትፈልገው ሁለት ጊዜ። ማንም አይቆጣህም።» ወደ እናቷ ዞረች። «ማንኪያውን ስጪው።»

እትዬ አፍንጫ ያን ሽርጥ ከላይዋ አላወለቀችውም ነበር። ማንኪያውን አወጣችው፤ ጫፉ ላይ የደረቀ ቀይ ሰም አለ። በጥፍሯ ልትፍቀው ሞከረች፣ አልለቀቀም። በፋሻው ጣቶች መሃል አስጨበጠችውና «ማረኝ» አለችው። አየት አደረጋት፣ ዓይኑ ላይ ቁጣ አልነበረም። ድካም ነበር።

የአልጋውን ብረት አንድ ጊዜ መታው። ትንሽ ቆየና እንደገና መታው። ሁለት።

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። እትዬ አፍንጫ ግን አልተንቀሳቀሰችም፤ ዓይኗን ከማንኪያው ሳትነቅል ሦስተኛውን ጠበቀች። ያቺን ዓመት ሙሉ ጆሮዋን የደፈነችባትን፣ «ነይ» የሚላትን። አናጢው ማንኪያውን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ቆማ መጠበቋን ቀጠለች።